ለልጄ በሳምንት 35 ሰዓት ኤቢኤ ታዘዘለት፤ ልፈርም ወይስ ልተወው?

የቨርጂኒያ_እናት · ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በቅርቡ ኦቲዝም እንዳለው ተነገረን። የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመኪና ማስታወቂያ ዘፈን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንበለብለዋል። ደስ ሲለው በእግሩ ጣቶች ቆሞ እጆቹን ያራግባል። ሲከፋው ወለል ላይ ይወድቅና ጭንቅላቱን ያጋጫል። ሐኪሟ በሳምንት 35 ሰዓት ኤቢኤ፣ ማለትም የባህሪ ሕክምና፣ አዘዘችለት። ኢንሹራንሳችን ይሸፍናል። ክሊኒኩም ቦታ አለን፣ እስከ ዓርብ አሳውቁን ብሏል።

ልፈርም ነበር። ከዚያ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ጋ "ልጄን ያተረፈልኝ ኤቢኤ ነው" የሚሉ ወላጆች አሉ። ሌላው ጋ በልጅነታቸው ያለፉበት ኦቲስቲክ ጎልማሶች "በደል ነው" ይላሉ። ባለቤቴ "ሐኪም ያዘዘውን ኢንተርኔት አይሽረውም" ባይ ነው። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ "አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፣ ልጁን ተዪው" ትላለች።

የሕክምናውን ዕቅድ ረቂቅ ልከውልኛል። አንዱ ግብ "ስሙ ሲጠራ በ3 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል፣ ዓይን ለዓይንም ያያል፤ ከ10 ጊዜ 8ቱን" ይላል። ሌላው "እጅ ማራገብ በ80 በመቶ ይቀንሳል" ይላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼኛው ነው። እጁን የሚያራግበው እኮ ሲደሰት ነው።

ያለፋችሁበት፣ የምትሠሩበት፣ ልጆቻችሁን የላካችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ አትወላውዪ። ፈርሚ።

የኔ ልጅ አሁን 11 ዓመቱ ነው። አያወራም። ትንሽ እያለ በር ከፍቶ ይሮጥ ነበር። ወዴት እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ? ውሃ ወዳለበት። የአፓርታማችን መዋኛ ገንዳ ከበራችን ብዙም አይርቅም። እኔና እናቱ በየተራ ነበር የምንተኛው። በሩ ላይ ከፍ አድርገን ተጨማሪ ቁልፍ አስገጠምን። ወንበር ጎትቶ ከፈተው።

ቴራፒስቱ ምን አደረገ? ኮሪደሩ ላይ ቀይ ቴፕ ለጠፈ። ልጁ ቴፑ ጋ ሲደርስ "ቁም" ይለዋል። ከቆመ ወዲያው የሚወደውን የሳሙና አረፋ ይነፋለታል። ቀስ እያለ ቴፑ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ወደ ደረጃው። ከዚያ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ። አሁን ቴፕ የለም። የአስፋልት ጠርዝ ሲያይ ራሱ ይቆምና እጄን ይፈልጋል። ሽንት ቤት መሄድም እንደዚሁ በትንሽ በትንሹ ነው የተማረው።

በደል ነው የሚሉትን አልሰድብም። ግን እነሱ ኢንተርኔት ላይ ገብተው ረጅም ጽሑፍ ይጽፋሉ። የኔ ልጅ ጥርሱን ሲያመው እንኳ አመመኝ ማለት አይችልም። ነገሩ አንድ አይደለም።

ጥግ_ወዳዷ · ሰኞ እኩለ ሌሊት

ከሲያትል ነኝ። ኦቲስቲክ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ጀምሮ ኤቢኤ ውስጥ ነበርኩ። አማርኛዬ የአያቴ ነው፣ ብሳሳት አርሙኝ።

ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ወረቀት የተለጠፈበት ክፍል። ሴትየዋ "እዪኝ" ትላለች። ካየኋት አንድ ከረሜላ። ካላየኋት አገጬን ይዛ ታዞረኛለች። እንደገና "እዪኝ"። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። እጄን ሳንቀሳቅስ "እጆች ጸጥ" ትልና ጭኔ ላይ ጫን አድርጋ ትይዛቸዋለች።

ሰው ያልገባው ነገር አለ። የሰው ዓይን እያየሁ የሚናገረውን መስማት አልችልም። አንዱን ከያዝኩ ሌላው ያመልጠኛል። አሁንም እንደዚያው ነኝ፤ ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ የማየው የሰዎቹን ቅንድብ ነው። የሚያስቀው ደግሞ፣ ቅዳሜ አያቴ ቤት ስሄድ "ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይን ዓይኑን አትዪ፣ ነውር ነው" እባላለሁ። ሰኞ ክሊኒክ ካላየሁ ከረሜላ የለም። አያቴ ቤት ጨዋ ነበርኩ፣ ክሊኒክ ደግሞ በሽተኛ።

"ጥሩ ውጤት አሳይታለች" ተብዬ ነው የጨረስኩት። በወረቀት እውነት ነው። እኔ የተማርኩት ግን ትልቅ ሰው ሰውነቴን ሲይዘኝ እምቢ እንደማይባል ነው። ለሴት ልጅ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አላብራራም።

ልጅሽን አታሳክሚው አላልኩሽም። እጁን ግን ተዉለት።

ጋሽ_ቀልዱ · ማክሰኞ ጠዋት

እኛ ሰፈር ኤቢኤ ድሮም ነበር። ስሙ ቁንጥጫ ነው። ሰዓቱም በሳምንት አይወሰንም።

ቆይ_ላንብብ · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ በቀልድ አመጡት እንጂ ቁንጥጫው በእውነትም ነበረበት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ኦሌ ኢቫር ሎቫስ የሚባል ከኖርዌይ የመጣ የሥነ ልቦና ምሁር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በ1960ዎቹ ነው ሥራውን የጀመረው። በዚያን ጊዜ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዕጣው ተቋም ውስጥ ተዘግቶበት መኖር ነበር። ሎቫስ እነዚህ ልጆች መማር ይችላሉ አለ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው፣ እሱን መካድ አይገባም። ያስተማረበት መንገድ ግን ምግብ፣ ጩኸት፣ ጥፊ፣ አንዳንዴም የኤሌክትሪክ ንዝረት ነበር። ተደብቆም አይደለም፤ ላይፍ መጽሔት በ1965 ከነፎቶው አውጥቶታል። ሎቫስ ራሱ በ1974 በሰጠው ቃለ ምልልስ እነዚህ ልጆች በአካል እንጂ በሥነ ልቦና ገና ሰው እንዳልሆኑና ሰውየውን መገንባት የሐኪሙ ሥራ እንደሆነ ተናግሯል። ጥግ_ወዳዷ የጻፈችውን ከዚህ ጋር አንብቡት።

ከዚያ የ1987ቱ ጥናት መጣ። 19 ትናንሽ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ። ከ19ኙ 9ኙ አንደኛ ክፍል ያለ ድጋፍ አለፉ፣ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸውም እንደ ሌላው ልጅ ሆነ ተባለ። የዛሬው "35 ሰዓት" ሥሩ እዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያነበው ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ልጆቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ ቴራፒስት የተገኘላቸው ናቸው ብዙ ሰዓት ያገኙት። ሁለተኛ፣ በዚያው ጥናት ውስጥ ጮክ ያለ "አይሆንም" እና አልፎ አልፎ ጭን ላይ ጥፊ ነበረበት።

አሁን ድሮ ነው ትሉኛላችሁ። ማሳቹሴትስ ካንተን ከተማ ውስጥ ጃጅ ሮተንበርግ ሴንተር የሚባል ተቋም አለ። ነዋሪዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ያስራል። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳይ መርማሪ ስሙን ጠርቶ ጽፎበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን በ2020 አገደ። በ2021 ፍርድ ቤት ሥልጣን የላችሁም ብሎ እገዳውን አነሳው። በ2022 መጨረሻ ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ሥልጣኑን ሰጣቸው። በ2024 እገዳው እንደገና በረቂቅ ቀረበ። የባህሪ ተንታኞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም ንዝረቱን በይፋ የተቃወመው በ2022 ነው። በ2022!

የቨርጂኒያ_እናት፣ ልጅሽን እዚያ ይልኩታል እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ክሊኒክ ዛሬ በከረሜላና በጭብጨባ ነው የሚሠራው። ኦቲስቲክ ጎልማሶቹ ለምን እንደሚቆጡ እንድታውቂ ብዬ ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ማክሰኞ ቀትር

ወንድሜ፣ ታሪክህ እውነት ነው። ግን ጥርስ ነቀላም ድሮ ያለ ማደንዘዣ ነበር፤ ዛሬ ጥርስ ሐኪም አንሄድም እንዴ?

ሌላው ነገር፣ ክርክሩን የሚያደርጉት መናገር የሚችሉት ናቸው። ራሱን የሚነክስ፣ ሽንት ቤት የማይሄድ፣ ሌሊት የማይተኛ ልጅ ያለው ወላጅ ለክርክር ጊዜ የለውም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኛ ደግሞ አግብተን አልከፋንም።

ጥግ_ወዳዷ · ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። አለመናገር ሐሳብ አለመኖር አይደለም። በአፋቸው የማይናገሩ፣ በታብሌትና በፊደል ሰሌዳ የሚጽፉ ኦቲስቲክ ሰዎችም ይኼን ሕክምና ይቃወማሉ። ካናዳ ውስጥ በ2004 ወላጆች መንግሥት ለዚህ ሕክምና የመክፈል ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሚሼል ዶሰን የምትባል ኦቲስቲክ ሴት ገብታ ተከራከረች። ስለ ኦቲስቲክ ሰዎች በተደረገ ክርክር ውስጥ ኦቲስቲክ ሰው እንዲሰማ ራሷ ማመልከት ነበረባት። ፍርድ ቤቱም ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ።

ልጅዎ ጥርሱን ሲያመው መናገር አይችልም ብለዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ሕክምና ላይ ሲቆይ "አመመኝ" የሚልበት መሣሪያ ሰጡት? የመናገሪያ ታብሌት? የስዕል ካርድ?

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ማክሰኞ ማታ

ጥያቄሽ ተገቢ ነው። የስዕል ካርድ አለው፤ "ብስኩት"፣ "ውጪ"፣ "አረፋ" ይላል። ታብሌቱን ስንጠይቅ የመጀመሪያው ክሊኒክ "መሣሪያ ከለመደ መናገሩን ይተዋል፣ መጀመሪያ በቃል ይሞክር" አለን። አሁን ያለችው የንግግር ሐኪም ደግሞ ይኼ ተረት ነው፣ እንዲያውም መናገርን ያግዛል አለች። አሁን ተራ እየጠበቅን ነው።

"አመመኝ" የሚል ካርድ ግን የለውም። ነገ አሠራለታለሁ።

አርቢቲ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ

ከሜሪላንድ። ሥራዬ ይኼው ነው። ማን ከልጅሽ ጋር ወለል ላይ እንደሚቀመጥ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ክሊኒኮቹ በግልጽ አይነግሩሽም።

ዕቅዱን የሚጽፈው ቢሲቢኤ የሚባለው የባህሪ ተንታኝ ነው፤ ማስተርስ ዲግሪ ያለው፣ ፈተና ያለፈ። 35ቱን ሰዓት ከልጅሽ ጋር የሚውለው ግን እሱ አይደለም። እንደ እኔ ያለ አርቢቲ፣ ማለትም የባህሪ ቴክኒሻን ነው። አርቢቲ ለመሆን 18 ዓመት፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ፣ የ40 ሰዓት ሥልጠና፣ የብቃት ምዘናና ፈተና ይበቃል። አዎ፣ 40 ሰዓት። ልጅሽ በአንድ ሳምንት ገደማ የሚወስደውን ያህል። የሚከፈለን በሰዓት ነው፣ ቤተሰብ ሲሰርዝ አይከፈለንም። ስለዚህ ሰው ይለቃል። ልጁ አንዷን ሲለምድ ሌላዋ ትመጣለች።

ክሊኒኩም ከኢንሹራንስ የሚከፈለው በተሠራ ሰዓት ነው። ሁሉም ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ሰዓት ይቀነስ ብሎ የሚከራከር ሰው ግን ውስጥ አታገኚም። መቀነስ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ጥሩ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል? ትናንት አንድ ልጅ ባቡር እያስኬደ ነበር። አጠገቡ ወለል ላይ ተኛሁ። ሐዲዱ ላይ እጄን አስቀመጥኩ። ባቡሩ ቆመ። አየኝ፣ ማለቴ እጄን አየ። ጠበቅኩ። "ሂድ" አለ፤ እጄን አነሳሁ፣ ባቡሩ ሄደ። ከረሜላ የለ፣ ጠረጴዛ የለ። ሽልማቱ ባቡሩ ራሱ ነው። ይኼም ኤቢኤ ይባላል፣ ጥግ_ወዳዷ ያለፈችበትም ኤቢኤ ይባላል። ስሙን ይዘሽ ብቻ አትወስኚ።

ስለዚህ ሳይነግሩሽ ሄደሽ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። በመስታወት በኩል ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ። "ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?" በዪ። መልሱ "ሆን ብለን ችላ እንለዋለን" ከሆነ ተጠራጠሪ። ዕቃውን ሲገፋው፣ ፊቱን ሲያዞር፣ እንደ "እምቢ" ይቆጠርለታል ወይ? ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓቱን ጠይቂ። የሦስት ዓመት ልጅ ቀን ቀን ይተኛል እኮ። በ35 ሰዓት ውስጥ መቼ ነው የሚተኛው?

የዳላስ_እናት · ማክሰኞ ማታ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሳውም። "ልጁ እንዳይምታታበት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ" ተብለሻል? እኛ ተብለናል። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ልጄን ይዛ የምትውለው እሷ ናት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንዲት አሮጊት ዝም እንድትል ተደረገ። ልጁ ቋንቋ እንዲያወጣ ተብሎ!

በኋላ ሌላ የንግግር ሐኪም ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳ ጥናቶች ማሳየታቸውን ነገረችን። የእናቴ አንደበት ተፈታ። ልጄ አሁን ውሃ ሲፈልግ "ውሃ" ይላል፣ ዳቦ ሲፈልግ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ማንም አልተምታታበትም።

ቁጥር_ወዳድ · ረቡዕ ጠዋት

የሕዝብ ጤና ተማሪ ነኝ። ስሜቱን ለእናንተ ትቼ ቁጥሩን ልበል።

ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2018 በትናንሽ ልጆች ላይ የሚሰጠውን ጥብቅ የባህሪ ሕክምና ገመገመ። መስፈርቱን ያሟሉት 5 ጥናቶች ብቻ ነበሩ፣ በጠቅላላው 219 ልጆች። በዕጣ የተመደበው ከአምስቱ አንዱ ብቻ። የተወሰነ ጥቅም አይተዋል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አሉ። ደካማ ማስረጃ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። እርግጠኛ መሆን አይቻልም ማለት ነው። የ1987ቱን "ከ19 9" ይዞ ለወላጅ ቃል የሚገባ ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ። በ2024 ጃማ ፔዲያትሪክስ በሚባል የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና 144 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። የሰዓቱ መብዛት ከውጤቱ መጨመር ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። እህቴ፣ ይኼን አትመሽ ይዘሽ ሂጂ። 35 የሚለው ቁጥር ጠንካራ መሠረት የለውም።

ስለ ጉዳትስ? በ2021 ተመራማሪዎች በትናንሽ ኦቲስቲክ ልጆች ላይ የተሠሩ 150 ጥናቶችን ሲያዩ፣ ጉዳት ደረሰ ወይም አልደረሰም ብለው ያነሱት 11 ብቻ ናቸው። ለሳል ሽሮፕ እንኳ የጎንዮሽ ጉዳት ይጻፋል። እዚህ ማንም አልጠየቀም። በሌላ በኩል፣ ኤቢኤ የአእምሮ ጠባሳ ያመጣል ተብሎ በየቦታው የሚጠቀሰው የ2018 ጥናት በኢንተርኔት መጠይቅ የተሠራ ነው፤ መላሾቹ ራሳቸው የመጡ ናቸው። እሱም ጠንካራ አይደለም። ጥግ_ወዳዷ ያለችውን ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ስንት ልጅ እንደዚህ እንደሚሆን ከዚያ ጥናት ማወቅ አይቻልም ማለቴ ነው።

ሌላ አማራጭም አለ። እንግሊዝ አገር ፓክት የሚባል ሙከራ 152 ልጆችን በዕጣ ከፍሎ ሠራ። ልጁን የሚያሠለጥነው የለም። ወላጁ ከልጁ ጋር ሲጫወት ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ከዚያ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል፤ "እዚህ ጋ ልጅሽ ወደ አንቺ ዞሮ ነበር፣ አመለጠሽ" ይባላል። የመጀመሪያው ውጤት በ2010 መጠነኛ ነበር። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲታዩ ግን ልዩነቱ አልጠፋም። ሰዓቱ ከ35 ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

ከመገናኛ · ረቡዕ ቀትር

ከአዲስ አበባ ነኝ። ስታወሩ ገርሞኝ እያነበብኩ ነው። እናንተ 35 ሰዓት በዛ ትላላችሁ፣ እኛ አንድ ሰዓት ፍለጋ ነው።

በፈረንጅ 2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ቦታ ሲያጡ ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም ተከፈተ። ከዚያ በፊት ይኼ ስም እንኳ በአገሩ አይታወቅም ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ነህምያ የሚባለው የኦቲዝም ማዕከልም መጣ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ግን የት ይደርሳል? ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ወላጅ ምን ይበል? እኔ ሰፈር ጎረቤት እንዳያይ ልጇን ቀን ቀን ቆልፋበት የምትሄድ እናት አውቃለሁ። ክፉ ሆና አይደለም። ገበያ መሄድ አለባት፣ ልጁ ይሮጣል፣ ሰው ደግሞ "ምን ሠርታ ነው" ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና እዚህም ተሞክሯል። ቴራፒስት የማያስፈልገው ነው፤ እናትየዋ ራሷ ከልጇ ጋር በቤት ሥራ መሐል እንድትጫወት፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትልጥ እንድታስተምረው ነው የሚያሳየው። ቁጥር_ወዳድ ካለው የእንግሊዙ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ለኛ የሚሆነን ይኼ መሰለኝ። 35 ሰዓት የሚከፍልልን ኢንሹራንስ ሲመጣ እንከራከራለን።

ለሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦ የቴፑን ነገር ለዚያች ጎረቤቴ ነገርኳት። ቴፕ የለም፣ በጠመኔ ልትሞክረው ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ረቡዕ ቀትር

በጠመኔም ይሆናል። ሲቆም ወዲያው የሚወደውን ትስጠው። ወዲያው! ቆይታ ከሰጠችው አይገባውም።

አወያይ · ረቡዕ ከሰዓት

ስለ ክትባት፣ ስለ መድኃኒት ውሃና ስለ ልዩ አመጋገብ የተጻፉ ሦስት መልሶችን አንስቻለሁ። በተለይ ለልጅ ማጽጃ ኬሚካል ስጡ የሚለውን የጻፈው ሰው ከዚህ ቤት ታግዷል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እሱ የማንም ጉዳይ አይደለም። ሕክምና አቋርጡ የሚል ግን እዚህ አይለጠፍም።

የቨርጂኒያ_እናት · ረቡዕ ማታ

ሁሉንም አነበብኩ፤ ባለቤቴም አንብቧል፣ ጥግ_ወዳዷ የጻፈችውን ሁለቴ።

ዕቅዱን አትሜ በእስክሪብቶ ገባሁበት። የዓይኑን ሰረዝኩ። እጅ ማራገቡንም ሰረዝኩ። ጭንቅላት ማጋጨቱ ይቆይ፣ ግን ከማስቆማችሁ በፊት ለምን እንደሚያጋጭ እዩልኝ ብዬ ጎኑ ላይ ጻፍኩ። ጆሮውንም ሐኪም እንድታየው ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሲያጋጭ ሁልጊዜ በአንድ ወገን መሆኑን ያየሁት ትናንት ነው። መጨረሻ ላይ የነበረውን "የሚፈልገውን መጠየቅ" ወደ አንደኛ አወጣሁት፤ በቃልም፣ በስዕልም፣ በታብሌትም። "በቃ" እና "እምቢ" ማለት የሚል ግብ አልነበረም፣ ጨመርኩ። ሰዓቱ 15 ይሁን አልኩ። ሦስት ዓመት ሲሞላው የካውንቲው ቅድመ መደበኛ ልዩ ትምህርት በነጻ ስለሚቀበለው፣ በ35 ሰዓት መቼ ሊሄድ ነው?

ዛሬ ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ተነጋገርን። የማራገቡን ያለ ክርክር አወጣችው። በዓይኑ ላይ ግን "ካላየ እንዴት ይማራል?" ብላ ተከራከረችኝ። ወደ ዕቃው ማየቱ ይበቃል አልኳት፤ አስብበታለሁ አለች። ሰዓቱን ደግሞ "ከ25 በታች አንቀበልም፣ ፖሊሲያችን ነው" አለች። እስከ ዓርብ አለኝ። ሌላ ቦታም ደውዬ መጠባበቂያ ዝርዝር ላይ ገብቻለሁ፣ ወራት ይወስዳል ብለውኛል።

አንድ ያልቆረጥኩት ነገር ቀረ። "ስሙ ሲጠራ በ3 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል" የሚለው። ዓይን ለዓይን የሚለውን ካወጣሁለት፣ ይኼኛው ይቆይ ወይስ ይሰረዝ?

ጥግ_ወዳዷ · ረቡዕ ማታ

ይቆይ። ግን "መልስ" ምን እንደሆነ ይጻፍ። ራሱን ቢያዞር፣ "እህ" ቢል፣ የያዘውን ቢያቆም፣ ሁሉም መልስ ነው። እንቆቅልሹን እየሠራ በከንቱ አሥር ጊዜ ስሙን እየጠሩ እንዳይለማመዱበትም በዪ። እኔ ስሜን መስማት አስጠልቶኝ ነበር።

አርቢቲ_ነኝ · ረቡዕ ማታ

ትክክል። እንዲህ ብለሽ አጽፊው፦ "ስሙ ሲጠራ በማንኛውም መንገድ መስማቱን ያሳያል፤ የሚጠራውም ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።" ከረሜላ አሳይተው ለመስጠት ቢጠሩት እንኳ ምክንያት ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ረቡዕ ማታ

በሁሉም እስማማለሁ። 3 ሰከንዱን ግን አታውጪ። ቤት ውስጥ ሲሆን እንዳሻው ይቆይ። መንገድ ዳርና መኪና ማቆሚያ ላይ ግን 3 ሰከንድም ብዙ ነው።

ጥግ_ወዳዷ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ ለመንገድ ዳር "ቁም" የሚለው ይሻላል፣ ስሙ አይደለም። የእርስዎ ልጅ የቆመው በስሙ ነው በቴፑ?

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት · ረቡዕ ማታ

በ"ቁም" ነው። እሺ፣ ለብቻው ግብ ይጻፍላት። ቴፑ ሰፊው ይሁን፣ ቀጭኑን እየላጠ ይበላዋል።